ጓዴን የቀበሩት መምህርት ማንአለሽ ረታ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሐዘናችንን ልትካፈሉ መንገድ የመታችሁ ወገኖች፤ ከግብዓተ መሬቱ አስቀድሞ፣ ብዙዎቻችሁ በሥራቸው እንጂ በመልካቸው የማታውቋቸውን የመምህርት ማንአለሽ ረታን ሕይወት፣ ቤተሰቡ በሰጠን አደራ መሠረት እናሰማችኋለን።

መምህርት ማንአለሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ረታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት በ1951 ዓ.ም. በጋይንት ቤተ ልሔም ተወለዱ። አባታቸው የድጓ መምህር ስለ ነበሩ ደጃፋቸው ከሩቅ አገር በመጡ ተማሪዎች የተሞላ ነበር፤ እርሳቸውም ዜማው የወንዶች ነው ተብሎ ከጉባኤው ባይቀመጡ፣ ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ በየበዓሉ ሲነበብ የሰሙትን ገድል ቤት ሲገቡ ለእናታቸው መልሰው ይተርኩ ነበር። ሰማዕቱ ከሚሞትበት ላይ ሲደርሱ ግን ታሪኩን ዘለው ማለፍ ይወዱ ነበርና፣ ወይዘሮ ንግስት «ያንቺ ሰማዕታት መቼም አይሞቱ» እያሉ ይስቁባቸው እንደ ነበር ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያወጋዋል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አርብ ገበያ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ታቦር ተከታትለው፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቁ በኋላ በስማዳ የገጠር ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በዚያም በግብርና ባለሙያነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ታምሩ ጋር ተዋውቀው በ1976 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ኑሯቸውንም በመካነ ኢየሱስ ከተማ መሥርተው ቤዛዊት፣ ዳግምና ዮርዳኖስ የተባሉ ልጆችን አፈሩ። በመካነ ኢየሱስ አማርኛ ሲያስተምሩ ያልተቆጡት ተማሪ አልነበረም፤ የተቆጡትን ተማሪ ቤታቸው ጠርተው ሳያበሉ የሰደዱበት ቀንም አልነበረም።

በ2006 ዓ.ም. የአካባቢው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስለ እናቶች ጤና ተከታታይ ድራማ እንዲጽፉ ጠየቃቸው፤ ጓዴም ያኔ ተወለደ። ጓዴ በምጥ የተያዙ ሴቶችን በወሳንሳ፣ ማለትም በእንጨት ቃሬዛ፣ ተሸክሞ ከቆላው እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ማኅበር አለቃ፣ ቁጡ፣ ተረበኛና አፉ የማይከደን ገበሬ ነበረ። የጓዴን ድምፅ የሚጫወቱት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አቶ አስናቀ ሲሆኑ፣ ሸካሚዎቹ ሲዝሉ «ትከሻ ቀይሩ!» እያሉ የሚጮኹት ጩኸት እንደ ተረት በየሰዉ አፍ ገባ፤ በአርብ ገበያ እህል የጫነ ገበሬ እንኳ አህያው ስትለግምበት «ትከሻ ቀይሪ!» ይላት ጀመር። ጓዴ መብረቅ ስቶት ያልፋል፣ ወባ ጥሎት ይነሣል፣ ሽፍታ አግቶት ሽፍታውን አስቆ ይመለሳል፤ አድማጩ በእጅጉ ስለ ወደደው መምህርት ማንአለሽ ከአንድ መከራ ባወጡት ቁጥር የባሰውን እየፈጠሩ ያወጡት ነበር።

በአንድ ክረምት ግን የስማዳ ጎረምሶች በእውነተኛው ወሳንሳ ላይ እውነተኛ ወላድ ተሸክመው ከወንዝ ሲደርሱ ደራሽ ጎርፍ መጣ፤ ቆመው ማሳለፍ ሲገባቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ «ጓዴ ስንቴ ተሻግሮት የለም ወይ?» ቢል ገቡበት፤ ወላዷም እነርሱም በእግዚአብሔር ቸርነት ለጥቂት ተረፉ። ይህንንም ጎረምሶቹ መምህርትን በገበያ አግኝተው፣ ደስ የሚላቸው መስሏቸው፣ እየሳቁ አጫወቷቸው። መምህርት ማንአለሽ ያን ቀን የገዙትን እህል ሳያነሡ ቤት ገብተው ለባለቤታቸው «ሞት የማይነካው ሰው ፈጥሬ፣ ሞት የሚነካውን ሰው ላስበላ ነበር» አሉ። አቶ ታምሩም «ወንዝ ሲሞላ እንዲቆም በሌላ መንገድ ንገሪው እንጂ ጓዴን ተይው፤ ሰዉ ምን ቀረው?» ብለው ለመኗቸው። ጉዳዩ በዚያ ቤት ክረምቱን ሙሉ ሲያከራክር ከረመ።

መስከረም ሲጠባ ቁርጡን አደረጉ፤ ጓዴ ወላዷን አሻግሮ፣ የቀረ ባልንጀራውን ሊያመጣ ተመልሶ ደራሹ ሲወስደው ጻፉ። የሬዲዮው ኃላፊና የቀድሞ ተማሪያቸው ፍሬው ጽሑፉን ሲያይ ደንግጦ፣ «ቲቸር፣ ባይሆን ሬሳው አይገኝ፤ ወንዝ ወሰደው ይባልና ይቆይልን፤ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል» ቢላቸው፣ «በዚህ አገር መጥፋትን አታስተምረኝ ልጄ፤ የጠፋ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሬሳው ይገኛል፣ ይቀበራል፣ ተዝካሩም ይወጣል» ሲሉ መለሱለት። እንዳሉትም ሆነ።

የተከተለውን ሐዘን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሥራ የፈታ ቀበሌ ነበር፤ አቶ አስናቀን በገበያ ያገኙ ሴቶች ትከሻቸውን እየዳሰሱ ያለቅሱ ነበር፤ እርሳቸውም መሳቅም ማልቀስም አቅቷቸው ከቤት መውጣት ተዉ። ከስማዳም ሽማግሌዎች ተመርጠው መካነ ኢየሱስ ድረስ መጡ፤ እንደ ደም አስታራቂ ከደጅ ቆመው አንገባም ካሉ በኋላ በግድ ገብተው፣ «መምህርት፣ የእኛ ሰው በበሽታው፣ በድርቁ፣ በጦርነቱ ስንቱ ሞተ። እርሱን የሚመልስ የለም። ይኼ ግን በእጅዎ ያለ ነፍስ ነው፤ እርሱ እንኳ ቢቀርልን ምን ነበረበት? ይመልሱልን» አሏቸው። መምህርት ማንአለሽም «አባቶቼ፣ እርሱን ብመልሰው፣ ያልተመለሱላችሁ ልጆች ምን ይሉኛል?» አሉ። ሽማግሌዎቹም የቀረበውን ማዕድ ቀምሰው መርቀው ወጡ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ሥዩም ግን ወደ ኋላ ቀርተው አንድ ነገር ለመኑ። ታላቅ እኅታቸው እማማ ተሾመች ከአልጋ ከዋሉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው መሐሪ ወደ ጦርነቱ ሄዶ ወሬውም ሬሳውም አልመጣም፤ መርዶ የሚነግራቸው ስላልተገኘ አልቅሰው አያውቁም፤ መጽናኛቸው ጓዴ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ደብቋቸዋል። «ለእርሷ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ጓዴ የዳነበትን ጽፈው አስናቀ ያንብብላት» አሉ።

መምህርት ማንአለሽ በዚህ ተሸነፉ። ጓዴ ከወንዙ ማዶ የዛፍ ሥር ይዞ የተረፈበትን ክፍል ጻፉ፤ በሕይወታቸው ከጻፉት ሁሉ ያማረው እርሱ እንደ ነበር ያነበቡት አቶ አስናቀ ይመሰክራሉ። ሁለቱም ስማዳ ወርደው ጎሕ ሳይቀድ ከእማማ ተሾመች ቤት ደረሱ። አቶ አስናቀ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንዴት አደሩ እናቴ» ከማለታቸው፣ አሮጊቷ በአልጋቸው ቀና ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ድምፅህን አውቄዋለሁ። ጓዴ ግን ሞቷል» አሉ። ከዚያም ወደ መምህርት ማንአለሽ ዞረው፣ «ጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ያልገባኝ መስሏቸው። መርዶ በማለዳ ነውና፣ ማን ደፍሮ መጥቶ ይነግረኛል እያልሁ ስጠብቅ ነበር። አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» አሏቸው።

መምህርት ማንአለሽ የያዙትን ጽሑፍ ከመቀነታቸው ሳያወጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአልጋው ሥር ተንበረከኩ፤ «አዎ እናቴ። ጓዴ ሞቷል። ተቀብሯል» አሉ። እማማ ተሾመችም ተደግፈው ተነሥተው ደረታቸውን መቱ፤ ሙሾም አወረዱ፦

ጓዴስ ተገኘልን ወንዝ ዳር ተዘርግቶ፣
መሐሪን ማን አየው የት ሜዳ ላይ ቀርቶ።

ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ እስከዚያች ዕለት «ይመጣል» እያለ የዋሸው ዘመድ ሁሉ አለቀሰ፤ ለመሐሪ የመጀመሪያው ለቅሶ በጓዴ ለቅሶ ውስጥ ተለቀሰ። የአጥቢያው ካህን ተጠርተው ጸሎት ይደረግለት ዘንድ ሲለመኑ፣ «በሕይወት ካለም ጸሎት ነው፣ አልፎም ከሆነ ጸሎት ነው» ብለው ስሙን ጠሩ። እማማ ተሾመች ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ኖሩ፤ ሬዲዮውም ተመልሶ ተከፈተላቸው፤ የጓዴ ሚስት ወሳንሳውን ተረክባ ማኅበሩን ስትመራ እየሰሙ «ይህቺ ከእርሱ ትብሳለች» እያሉ ይሟገቱ እንደ ነበር ሰምተናል።

መምህርት ማንአለሽ ልክ ነበሩ ወይ ብትሉ፣ በዚህ ሁሉም አልተስማማም። በአርብ ገበያ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ከጓዴ ሞት ወዲህ ሰላምታቸውን ነፍገዋቸው ኖረዋል፤ መምህርትም አልተቀየሟቸውም፤ «መብቷ ነው፣ ሰውዋን ገድዬባታለሁ» ይሉ ነበር። እኒያ እናት ዛሬ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

ሕመማቸው የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የጨጓራ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ፣ ነርስ የሆኑት ልጃቸው ቤዛዊት ጨጓራ ብቻ ነው ብለው ደበቋቸው፤ መርዶን ፊት ለፊት የተናገሩት ሴት ራሳቸው ላይ ሲደርስ ግን አልጠየቁም፤ ልጆቻቸው ሲዋሹ ዝም ብለው ያደምጡ፣ የተሰጣቸውን ይውጡ ነበር። እውነቱን ከመጀመሪያው ቀን እንዳወቁት የነገሩን በኋላ ነው። በአንድ ጠዋት የቤዛዊትን እጅ ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔ የታገሥሁት አንቺ እስክትችዪው ነው። አሁን ችለሻል፤ በቃ እናውራው» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ በቤቱ የነበረው ለቅሶም ሳቅም ግልጽ ሆነ፤ ንስሐቸውን ፈጽመው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በዙሪያቸው እንዳሉ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ትናንት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ስለዚህ ንባብም የተናዘዙት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አረፈች፣ አንቀላፋች እያላችሁ አታለስልሱብኝ፤ ሞተች በሉ። ሰው አልቅሶ እንዲወጣለት»። እኛ አንቱታቸውን ልንገፍፍ አልደፈርንምና፣ መምህርት ማንአለሽ ረታ ሞቱ።

ባለቤታቸው አቶ ታምሩ፣ ልጆቻቸው ቤዛዊት፣ ዳግምና ዮርዳኖስ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ያስተማሯቸው ተማሪዎችና በየቆላው በየደጋው ድምፃቸውን ሳይሰሙ ቃላቸውን የሰሙ አድማጮች ሁሉ በሐዘን ቀርተዋል። የፈጠራቸው እግዚአብሔር፣ ስማቸውን ከማይረሳው መጽሐፍ ጽፎ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ልቅሶአችንን ሰምቶ መጽናናትን ያድለን፤ አሜን።