የጫልቱ ነጭ ካልሲ

የአጎቴ ልጅ ጫልቱ አምቦ፣ ሚሲዮኖች በከፈቱት የሴቶች ትምህርት ቤት ስትማር እኔ ጊንጪ ቁጭ ብዬ በቅናት እደብን ነበር። ያንገበገበኝ ትምህርቱ እንዳይመስላችሁ፤ ነጭ ካልሲዋ ነው! እዚያ ተማሪዎቹ ካልሲያቸውን ራሳቸው በኪሮሽ ሠርተው ነው የሚያደርጉት። ጫልቱ ለእረፍት ስትመጣ ያን ካልሲ እስከ ጉልበቷ ስባ፣ የጊንጪን ጭቃ እየተጠየፈች ታልፋለች። እናቴ ደግሞ "አየሽ? ልጅ ማለት እንዲህ ነው!" ትለኛለች። እርር!

አብዮቱ መጣና ትምህርት ቤቱን መንግሥት ወረሰው፤ ያስተምሩ የነበሩት ፈረንጅ መነኩሲቶች ሄዱ፣ እኔም እዚያው ተመደብኩ። ክረምቱን ሙሉ ጎረቤት እየለመንኩ ኪሮሽ ተማርኩና ነጭ ካልሲ ሠራሁ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ጉልበቴ ስቤው ክፍል ገባሁ። ሁሉም በካኪና በኮንጎ ጫማ ናቸው፤ ካልሲ ያደረገ አንድም የለም። ጫልቱ ሰሌዳ ታጠፋለች።

"ካልሲሽስ?" አልኳት።

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ሰሌዳውን የምታጠፋበት ጨርቅ እሱ ነው!

"አዲሱ ዲሬክተር የቡርዧ፣ የሀብታም ጌጥ ነው ብሎ ከልክሎናል። ቶሎ አውልቂው።"

አወለቅኩ። ጫልቱ ግን ዓይኗን ከካልሲዬ መንቀል አልቻለችም። ጠጋ ብላ፣ "ማሎ፣ በናትሽ፣ ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አውሽኝ" አለችኝ። እሷ! እኔን!

ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ እኮ። ከዚያ እግሯን አየሁት። እሷ ላይማ ከእኔ ይበልጥ ያምራል።

"ሰሌዳው ገና አልጠራም" አልኳትና በአዲሱ ካልሲዬ ወለወልኩት።