ጋሼ ወንፊት ያላሳለፉት ዌብሳይት

ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ እስቲ ወንበራችሁን ሳብ ሳብ አድርጉ፤ ይሄ ድምፅ ማጉያ እንደ መሥሪያ ቤታችን ኢንተርኔት ነው፣ ሲያሻው ይመጣል ሲያሻው ይሄዳል።

ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ላይ ዝም ብለው ከመስማት በቀር ምርጫ የለዎትም። ባለቤትዎን እትዬን አጠገብዎ ያስቀመጥናቸው ተነሥተው እንዳይሄዱ እጅዎን ያዝ እንዲያደርጉልን ነው።

ጋሼ ወደዚህ ኮሌጅ የሥራ ምክር ክፍል የመጡበትን ቀን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። በሩ ላይ "ተራዎን ጠብቀው ይግቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እሳቸው እቴ፣ ማስታወቂያ አክባሪ! ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ተራቸውን ጠበቁ። ሲደርሳቸው ገቡ። ያኔ አማካሪ የነበሩት የዛሬው ኃላፊያችን ቀና ብለው አዩዋቸውና ሥራ ፈላጊ መሰሏቸው። "አይዞዎት አባቴ፣ ሥራ ለመፈለግ ዕድሜ አይከለክልም" ብለው ጀመሩ። ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ አስረዱ፤ ለቃለ መጠይቅ ጫማ መጥረግ እንደሚያስፈልግ ሳይቀር መከሩ። መጨረሻ ላይ የአንድ ዌብሳይት አድራሻ ጽፈው ሰጧቸው።

ጋሼ ወረቀቱን አዩትና፣ "ምክርዎ ግሩም ነው። ይሄ ዌብሳይት ግን ካቻምና ተዘግቷል። እኔ አዲሱ ባልደረባዎ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ የትኛው ነው?" አሉ።

ኃላፊያችን፣ እርስዎ እንኳ አይሳቁ፤ የሚሳቀው በእርስዎ ነው።

የጋሼ ሥራ በመደቡ ላይ እንደተጻፈው "የሥራ መፈለጊያ ዌብሳይቶችን ገምግሞ ለተማሪዎች መጠቆም" ነው። ሌላው ሰው ቢሆን የፊት ገጹን ያያል፣ ላፕቶፕ ከበው የሚስቁትን ወጣቶች ፎቶ ያደንቃል፣ "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። እኔ በበኩሌ እነዚያ ልጆች ምን እንደሚያስቃቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጋሼ ግን ራሳቸው ሳይመዘገቡበት አንድም ዌብሳይት ጠቁመው አያውቁም። በየቦታው የሃያ ሁለት ዓመት ተመራቂ ናቸው! የዝንባሌ መለኪያውን ጥያቄ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ ይሞላሉ። አንዱ ዌብሳይት "በእግር ጣት ቆሞ የሚደነሰው የባሌት ዳንስ ይዋጣልዎታል" አላቸው። ሌላው ባሕር ጠላቂ እንዲሆኑ መከራቸው። ይሄኔ ወደ ጸሐፊያችን ዞር ብለው፣ ሳቅ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ ሳይኖር፣ "ዋና አልችልም እኮ፤ ለማንኛውም መኖሩን እወቂው" አሏት።

"ወንፊት" የሚለውን ስም ተማሪዎቹ ያወጡላቸው በዚህ ነው። "ጋሼ ወንፊት አሳልፈውታል?" ሳይባባሉ ሲቪ የሚልኩ ልጆች አልነበሩም።

የስልኩንማ ማን ይረሳዋል? አንድ ቀን "አዲስ ተመራቂ፣ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው" የሚል ማስታወቂያ አዩ። ቁጥሩን መቱ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

"እህቴ፣ ይሄን ልጅ ከየት ነው የምናመጣላችሁ?"

"የቱን ልጅ?" አለች የቅጥር ሠራተኛዋ።

"ዛሬ ተመርቆ አምስት ዓመት የሠራውን።"

"መስፈርቱ እንደዚያ ነው ጌታዬ።"

"እሱማ ነው። እርስዎ ሲቀጠሩ ስንት ዓመት ልምድ ነበረዎት?"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔን እንኳ... አጎቴ ነው ያስገባኝ" አለች።

"ለእውነትዎ እግዜር ይስጥልኝ። አጎትዎን ዌብሳይቱ ላይ ቢያወጡልን እኮ ለልጆቻችን እሳቸውን እንጠቁም ነበር!"

እሺ። አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አዲሶቹ ባልደረቦች በወሬ ብቻ ወደምትሰሙት።

አንድ ጊዜ ከመሬት የፈለቀ አንድ ድርጅት "ሕልምህ በአንድ ጠቅታ" የሚል ዌብሳይት ይዞ መጣ። ለሥራ ዐውደ ርእያችን ድንኳን እተክላለሁ፣ ለሁላችሁም ቲሸርት አለብሳለሁ፣ በድሮን አስቀርጻለሁ አለ። የሚፈልገው ሊንኩ በኮሌጁ ገጽ አናት ላይ እንዲወጣለት ብቻ ነው። የዚያን ጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት ድሮን የሚለውን ሲሰሙ ልባቸው ቀድሞ በረረ። ጋሼን ጠርተው፣ "ዌብሳይቱን ገምግመው ጥሩ መሆኑን ያቅርቡልኝ" አሏቸው። አያችሁ፣ ውጤቱ ከግምገማው ቀድሞ ደርሷል።

ጋሼ በቀጥታ ወደ ግቢው ጥበቃ ሄዱ። "ቡቺን ለአንድ ጉዳይ ላስቸግረው" አሉ። ቡቺ ውሻው ነው። ቅጹን በሐቅ ሞሉለት። ልምድ፦ አራት ዓመት ጥበቃ። ቋንቋ፦ አንድ፣ እሱም ሲቆጣ። ድክመት፦ ድመት። ሲያዛጋ የተነሣውን ፎቶ አያያዙለት። ምሳ በልተን ሳንመለስ መልሱ ጠበቀን፦ "ውድ አቶ ቡቺ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጅነት ታጭተዋል። ዋናውን ዲግሪዎንና ፓስፖርትዎን ይዘው ይቅረቡ።"

በስብሰባው ላይ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። "ከግቢያችን አንዱ በዚህ ዌብሳይት ሥራ አግኝቷል።"

"ይኸው! አላልኳችሁም?" አሉ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ፊታቸው በርቶ። "የት አለ? ይግባና ያስረዳን እንጂ!"

"በር ላይ ነው ያለው። ታስሯል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምን ዋጋ አለው፣ ከሳቁ በኋላ ነገሩ "ጥቃቅን የቴክኒክ ክፍተት" ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመለት። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሊንኩ ወጣ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ቢሯችን መጡ። ባላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸው ከእኛው ኮሌጅ በኬሚስትሪ ተመርቃ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። "ልጄ ሥራ አገኘች። እናንተ ባወጣችሁት ዌብሳይት ነው፤ ልመርቃችሁ ነው የመጣሁት" አሉ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ።

"አሁን የት ናት?"

"መናኸሪያ ናታ፤ ዲግሪዋንም ፓስፖርቷንም ይዛ።"

ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ሮጥኩ። ልጅቷን አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን አቅፋ አገኘናት።

"ልጄ ውረጂ፣ ሥራው እውነት አይደለም" አሏት።

"ኮሌጁ ነው እኮ የጠቆመኝ!"

"ኮሌጁ ተሳስቷል።"

"ጋሼ፣ አባቴ ዓይኑ ደክሞ ክሩን በመርፌ የማስገባለት እኔ ነኝ። እርስዎ ደሞዝ አለዎት። ውረጂ ማለት አይከብድዎትም።"

ጋሼ አጠገቧ ተቀመጡ። "እንግዲያው አብረን እንሂድ። እውነት ከሆነ ቦርሳሽን ተሸክሜ አስገባሻለሁ። ዲግሪሽን ግን እኔ ልያዝልሽ?"

"አይሆንም፣ እኔው እይዘዋለሁ።"

"ጎሽ! ልክ እንደዚህ አድርገሽ ያዢው።"

የተባለው አድራሻ ስንደርስ የፍራሽ መደብር ሆኖ አገኘነው። ባለ መደብሩ ሸቀጡ ላይ ጋደም ብሎ፣ "እናንተም ለሥራው ናችሁ? ሰውዬው ያውና፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ማስረጃ ይሰበስባል። መልሶ ሲሰጥ ግን አይቼ አላውቅም" አለን። ጋሼ ሄደው መስታወቱን አንኳኩ። "የአቶ ቡቺን ጉዳይ ልከታተል ነው" አሉት! ሰውዬው መኪናውን አስነሥቶ ፈረጠጠ፤ ጋሼ ግን ታርጋውን ይዘዋል። ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሰነባብቶ የሰው ልጆችን ዲግሪ በካርቶን እንደሞላ ተያዘ።

የዚያን ዕለት ስንመለስ ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ጋሼ አንድም ቃል አልመከሯትም። አማካሪ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ እናቲቱን ይዘው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ገቡ። "እኚህ እናት ሊመርቁን መጥተው ነበር። ዛሬ ምን እንደምንላቸው እርስዎ ይንገሯቸው" አሉ። ሊንኩ ከምሳ በፊት ወረደ። ድንኳኑም ቲሸርቱም ድሮኑም ቀሩ። ጋሼ ደግሞ "ለሥራ ምቹነት ሲባል" መስኮት ወደሌለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች መሐል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዛሬ አብረውን የሉም፤ ከፍ ያለ ቦታ ተሹመዋል።

ልጅቷ እዚያ ግምጃ ቤት ከሰዓት ከሰዓት ትመጣ ነበር። ጋሼ የመድኃኒት አከፋፋዮችን ዌብሳይት አሳዩዋት። አምላኬ፣ ምን ያስጠላል! ቀለሙ የሻገተ፣ ፊደሉ የተንጋደደ፣ የሚስቅ ወጣት የሚባል የለበት። ግን እያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ የሰው ስምና የሚሠራ ስልክ አለ። ሁለቱ ቦታ ሳይቀበሏት ቀሩ፤ ሦስተኛው በመድኃኒት ጥራት ምርመራ ረዳት አድርጎ ቀጠራት። በመጀመሪያ ደሞዟ ለአባቷ መነጽር ገዛች። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ተመራቂዎቻችንን የቀጠረችው እሷ ናት።

ጋሼ፣ ስንቀልድብዎ ስለኖርን እንዲህ ያለውን ነገር ፊትዎ ላይ መናገር አልለመድንም። አንድ ነገር ልበል። እኛ ለልጆቹ አድራሻ እንሰጥ ነበር፤ እርስዎ አድራሻው ድረስ አብረው ሄዱ። በዚያ ጨለማ ክፍል ሆነው አንድም ቀን ሳያማርሩ ስንቱን የሰው ልጅ ከአጭበርባሪ አተረፉ። እኛንም ከመፈረማችን በፊት "ይሄ የማን ልጅ ላይ ይደርሳል?" ብለን እንድንጠይቅ አስተማሩን። እናመሰግናለን፤ ከልባችን ነው። እትዬ፣ እርስዎንም እናመሰግናለን፤ ስንት ምሳ ሲቀዘቅዝ እያዩ ታገሡን።

እንግዲህ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ አይድከም። ጠዋት ማንም ሳያጣድፍዎ ሻይዎን ጠጥተው ይነሡ። የእንግዳ ክፍሉን ቀለም ልትቀቡ ነው አሉ፤ የቀለሙን ምርጫ ለእትዬ ይተዉላቸው፣ እርስዎ ገምግመው ሳይጨርሱ ክረምቱ ይገባል። የልጅ ልጅዎን ትከሻዎ ላይ አድርገው ለመዞር ያብቃዎ። በናፈቅንዎ ጊዜ ደግሞ ሳይጠሩ ይምጡ፤ ወንበር እናስለቅቅልዎታለን፣ መስኮቱ ዳር።

ለጋሼ ጤና! ለሁላችንም!