ሴሎቿን ልትመግብ ስትገባ ገደሏት

የያዲራና የሁላችን እናት ዶኛ ዙልማ፣ የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ያዲራን ለመሸኘት የመጣችሁ የኬቬዶ ከተማ ሰዎች ሁሉ። ያዲራ ኪንዮኔስ አልሞተችም፤ ተገደለች። ፊቷን በጥይት በትነውታል። ሣጥኑ የተዘጋው ለዚህ ነው።

ምን አድርጋ? አንጀት አጥንታ። የሰው አንጀት ሴል የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ታሳድግ ነበር። ሴሎቹ ተያይዘው ግድግዳ እስኪሆኑ ሦስት ሳምንት ይፈጃሉ፤ በየሁለት ቀኑ ካልተመገቡ ይሞታሉ። እሑድም ፋሲካም ቢሆን፣ ሰዓት እላፊም ቢታወጅ።

የብርቱካን ልጣጭ ዱቄት ለስኳር በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጠው ዶን ኤውሎሂዮ ማረጋገጫ እንድትፈርምለት አንድ ቀን መጣብን።

"ልጣጩ ውስጥ ያለው ፍላቮኖይድ የሚባል ንጥረ ነገር አንጀትን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የአንድ ሳምንት ዕድሜ ባለው ሴል ላይ አስመርምሬያለሁ" አለ።

"የሳምንት ሴልማ ገና ክፍተቱ አልተደፈነም፣ ዶን ኤውሎሂዮ። በዚያ ቀዳዳ የእርስዎ መኪናም ያልፋል" አለችው ያዲራ።

"አልፏል ብለሽ ፈርሚና እንገላገል። ሳህን ከምታጥቢ ባል ብትመግቢ ይሻልሽ ነበር።"

"ሴሎቼ ቢያንስ ሲጠግቡ አይሳደቡም።"

ስቀን ነበር። በማግስቱ በራችን ላይ የታረደ ውሻ አገኘን። ቀጥሎ መስኮቱን በጥይት አረገፉት።

ለምን አልፈረመችም? ያ ፍላቮኖይድ ስኳር ታቅፎ ነው የሚመጣው፤ የቀጭኑ አንጀት ሴል በር አይከፍትለትም። ስኳሩን የሚቆርጡለት ታች ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ጀርሞች ናቸው፤ ያኔም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ዱቄቱን አምነው ኢንሱሊን የተዉ ሰዎች ግን እዚህ አፈር ውስጥ ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ኤሊየሰር አንዱ ነው። ዛሬ ከጎኑ እናስተኛታለን።

እሑድ ጠዋት የት እንደምትገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው እሑድ "ዛሬ እንኳን ቅሪ" አልኳት። "ማን ያበላቸው?" አለችኝ። የላቦራቶሪው በር ላይ ጠበቋት።

ማን እንደላካቸው አልታወቀም ይላል ፖሊስ። ይህ ባለ ወርቅ ሪባን አበባ ግን ከዶን ኤውሎሂዮ እንደመጣ ተጽፎበታል። ዶኛ ዙልማ፣ ይቅርታዎን። አንሱልኝ። ከአጥሩ ውጭ ወርውሩት።

ያዲራ፣ ደምሽን ከበሩ ደፍ ላይ አጥበን ገባን። ሴሎችሽን መገብናቸው። ሦስት ሳምንታቸው ሞልቶ ግድግዳው ሲዘጋ የልጣጩን ዱቄት በጥብጠን አፈሰስንበት፤ ዛሬ ጠዋት ከግድግዳው በታች ያለፈውን ለካን። አላለፈም። ውጤቱን በስምሽ አወጣነው፤ ከስምሽ ሥር ሁላችንም ፈርመናል። የሚፈልጉን እሑድ ጠዋት እዚያው ያገኙናል።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።