ከአውሮፕላን ፎቶ የሚያነሳው ፈረንጅ

አንድ ፈረንጅ በትንሽ አውሮፕላን መጥቶ አዳማ ሜዳው ላይ አረፈላችሁ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ካሜራውን ፊልም አጉርሶ፣ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር በጠፍር ሲያስር "ምን ሊያነሱበት ነው?" አልኩት። "የአገራችሁን ውበት" አለኝ። ፎቶ መባሉን የሰማ ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ከመንደራችን የውሃ ጉድጓዶች በአንዱ ዙሪያ ተሰለፈ። ፈረንጁ አንዴ ዞሮ ወረደና "ሰዎቹን ከዚያ አስነሳልኝ፣ ጉድጓዱን ጋረዱብኝ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ "ምን አለ ልጄ?" አሉኝ። "ሰው አልፈልግም ነው የሚለው" አልኳቸው። "ታዲያ ውሃችንን ምን ሊያደርገው ነው?" አሉ። ፈረንጁ ወዲያው ፈገግ ብሎ "በበጋ የማይደርቀው ጉድጓድ የቱ ነው?" ሲለኝ፣ ከደረቀ ዓመታት ያለፈውን በጣቴ አሳየሁት። እሱን እስኪበቃው ያንሳ!