የግድግዳው ሁለተኛ ሰዓት

ዝናቡ ሳይታሰብ ባይወርድ ኖሮ አስተማሪዋ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ባልገባች ነበር። በዚያ ሰሞን የሽማግሌው ፊት ከሰማዩ ብሶ ጠቁሮ ስለ ከረመ፣ ደንበኛ እንኳ ካልቸገረው በስተቀር በራፋቸውን አይረግጥም። እሷ ግን በብብቷ አንድ ትልቅ የተጠቀለለ ካርታ ይዛ ነበር። ራሷ ብትበሰብስ ግድ አልነበራትም፤ ለካርታው ስትል ዘው አለች።

«ይቅርታ አባባ፣ እስኪያባራ ልጠለል?»

«ግቢ። ጫማሽን ግን ጥረጊ» አሉ ከያዙት ሥራ ቀና ሳይሉ።

እኚህን ሽማግሌ ሰፈርተኛው «ሰከንድ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራቸው ግን የለም። ስሙን ያገኙት በሥራቸው ነው። ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ ወንበር እንኳ ሳይስቡ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ሁሉ አንድ በአንድ ያስተካክላሉ። የደንበኛም ይሁን የሽያጭ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ ከጓደኞቹ የሚለይ ሰዓት ቦታ የለውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውሉ መንገደኛው ይደነግጣል፤ ሰከንድ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

በሱቁ ጥግ ባለቤታቸው ተቀምጠው ወፍራም ሹራብ ይሠራሉ። ሹራቡ በጭነት መርከብ ላይ መካኒክ ሆኖ ለተቀጠረው ለአንድ ልጃቸው ነው። እጃቸው ይሠራል እንጂ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ በአፉ ከተደፋው ስልክ አይነቀልም። አስተማሪዋ የሰፈር ልጅ ናት፤ ተምራ ተመልሳ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ሴትዮዋ እሷን ሲያዩ ተስፋ አገኙ።

«እንኳን ዝናቡ አመጣሽ ልጄ» አሉ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ይህን ሰውዬ ምከሪልኝ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ልጃችን ይደውላል፤ እሱ ግን አላነሣም፣ ለእኔም አላቀብልም ብሎ ምሏል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ልጁ የደወለው እንደ ልማዱ በቀትር ነበር። ጨዋታው ሁሉ አምሮ ሳለ ስንብት ላይ «በሉ እንግዲህ፣ እዚህ ጀምበር እየጠለቀች ነው፤ ደህና እደሩ» አለ። ከዚያ በፊት ስለ ጀምበር ተነሥቶ አያውቅም። ሰከንድ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ስልኩን ዘጉት።

«በቀትር ደህና እደሩ የሚል ሰው ወይ ጠጥቷል፣ ወይ በአባቱ ያላግጣል» አሉ ሰከንድ። «እኔ ሰካራምም አላጋጭም አልወለድኩም። ሲሄድ የእጄን ሰዓት ፈትቼ ሰጥቼዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው፣ አንተም ጭምር ብዬ። እንግዲህ መሽቷል ካለ ነካክቶታል ማለት ነው።»

አስተማሪዋ ሳታስበው ሳቀች። ይህ ጥፋት ነበር፤ ሽማግሌው ቀና ብለው ሲያዩዋት ሳቋ እዚያው ደረቀ። ይቅርታ ጠይቃ በክፍል ውስጥ እንደምትናገረው ስለ ኬክሮስ፣ ስለ ኬንትሮስ፣ ስለ ሰዓት ክልሎች ትተነትን ጀመር። ሰከንድ እጃቸውን አንሥተው አቋረጧት።

«እሱን ለተማሪዎችሽ አቆዪው። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፀሐይ ስንት ናት?»

«አንድ ናት።»

«አንዷ ፀሐይ ታዲያ ሁለት ሰዓት ከየት ታመጣለች?»

ይህ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ሸምድደው ፈተና ያለፉ ብዙዎች ጥያቄውን አንድ ቀንም ጠይቀውት አያውቁም። አስተማሪዋም ይህን ሳታውቀው አልቀረችም፤ ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሴትዮዋን ጠይቃ መርከቡ ያለበትን ባሕር፣ ከዚያ በስተግራ ራቅ ብሎ እነሱ ያሉበትን አገር በጣቷ አሳየች።

ሰከንድ በመዳፋቸው ወረቀቱን ዳበሱት። «ይህ ጠፍጣፋ ነው። ሜዳ ላይ መብራት ብሰቅል ለዚህኛው ጥግ በርቶ ለዚያኛው አይጠፋም። ካርታሽ ከእኔ ጋር ነው ያለው።»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ካርታ የድቡልቡል ነገር ቆዳ ተገፍፎ ሲነጠፍ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከቆዳው ጀመርኩ።» ወደ ሴትዮዋ ዞር አለች። «እማማ፣ ያንን የክር ድውር ያውሱኝ።»

ሴትዮዋ ድውሩን ከጭናቸው አነሡና አቀበሏት፤ ክሩ ገና ከሹራቡ አልተበጠሰም። አስተማሪዋ ሁለት ስፒል ለምና ቀይ ራስ ያለውን «ይህ የእኛ ሱቅ ነው» ብላ ድውሩ ወገብ አጠገብ ሰካች፤ ነጩን «ይህ ደግሞ መርከቡ ነው» ብላ ከቀዩ በስተምሥራቅ የዙሩን ሩብ ያህል አርቃ ሰካች። ከዚያ የሰከንድን የመሥሪያ መብራት ወደ ድውሩ አዞረች።

«መብራቱ ፀሐይ ነው፤ አይንቀሳቀስም። የምትዞረው ምድር ናት፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ቀስ ብለው ያዙሩት፣ አባባ።»

ሰከንድ ማጉያቸውን ከዓይናቸው አወለቁ። ማጉያውን በሥራ ሰዓት ሲያወልቁ ባለቤታቸው እንኳ ብዙ ጊዜ አላዩም። ድውሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ የሰዓት ልብ እንደሚይዙ ተጠንቅቀው አዞሩት። መጀመሪያ ነጩ ስፒል መብራቱ ፊት መጣና አለፈ። ማዞር ቀጠሉ። ቀዩ መብራቱ ፊት ሲደርስ «ይቁሙ» አለች።

«አሁን እዚህ ምንድን ነው?»

«ቀትር።»

«ነጩስ?»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ነጩ ስፒል ብርሃኑና ጥላው በሚለያዩበት ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ቢገፉት ጨለማ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ አዩት። ድውሩን ወደ ኋላ መለሱት፤ እንደገና አዞሩት፤ እንደገና እዚያው ቆመ።

«ፀሐይዋ አንድ ናት» አለች አስተማሪዋ ዝግ ብላ። «አንድ በመሆኗ ነው እኮ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አናት ላይ መቆም ያልቻለችው።»

«ሙሉ ዙሩ ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሦስት መቶ ስድሳ። በሃያ አራት ሰዓት አንዴ ይዞራል።»

«ለአንድ ሰዓት አሥራ አምስት ዲግሪ ደረሰው ማለት ነው።» የሽማግሌው ድምፅ ተለወጠ። «ታዲያ መጀመሪያውኑ ምድር ባለ ሃያ አራት ጥርስ ጎማ ናት አትይኝም? ይህን ሁሉ ኬን ምናምን ምን አስወራሽ?»

«ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ» አለችና ሳቀች፤ አሁን ሳቋ አላስቆጣቸውም። ከዋልታ እስከ ዋልታ ቁልቁል የተሰመሩት ኬንትሮሶች እነዚያን ጥርሶች የሚቆጥሩ መስመሮች እንደ ሆኑ አሳየቻቸው።

ግን ሰከንድ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። እንዲህ ከሆነ ወንዝ ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪም ከእኔ ሊለይ ነው ሲሉ ተሟገቱ። አዎን፣ በፀሐይ ብቻ ቢኬድ በጥቂት ሰከንድ ይለያል አለቻቸው፤ ይህን ሲሰሙ በጣም ተከፉ። እሷም እንዲህ ስትል አስረዳች፤ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ቀትር ቢይዝ ባቡር ከባቡር ይጋጫል፣ ገበያተኛ ከገበያተኛ ይተላለፋል፤ ስለዚህ አገሮች ተስማምተው ምድርን በሰዓት ክልሎች ከፋፈሏት፤ በአንድ ክልል ያለ ሰው ሁሉ አንድ ሰዓት ይይዛል፤ ድንበሩም አገር ላለመቁረጥ ሲል አንዳንድ ቦታ ይጣመማል።

«ተስማምተው ከሆነ ይሁን» አሉ ሰከንድ። «ስምምነት ጥሩ ነው።»

ሴትዮዋ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ሰዓቱስ ይሁን። እኛ እዚህ በብርድ እየተንዘፈዘፍን እሱ ሙቀት ሊገድለኝ ነው ይላል፤ እሱስ?»

አስተማሪዋ የድውሩን መሐል በጣቷ ዞረችው። ይህ የምድር ወገብ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄዱት ኬክሮሶች ከዚህ ተነሥተው ወደ ላይና ወደ ታች ይቆጠራሉ፤ ወገቡ ላይ የፀሐይ ጨረር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቁጥር ግን እየተንጋደደ ይደክማል። መርከቡ አሁን ወገቡ ላይ ነው፤ እኛም ለወገቡ ቅርብ ነን፣ የሚያበርደን ግን የደጋው ከፍታና ዝናቡ ነው።

ሴትዮዋ ሹራቡን ከፍ አድርገው አዩት። «ታዲያ ልተርትረው?»

«ቀጥሎ ወዴት እንሄዳለን አለ?»

«ወደ ሰሜን።»

«አይተርትሩት። እጅጌውን ደግሞ ያርዝሙት።»

ሰከንድ ድውሩን መልሰው አስቀመጡ። «ሁሉም አማረ» አሉ። «ግን በክር ድውር ላይ የሆነ ነገር ባሕር ላይም እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?»

 አስተማሪዋ መመለስ አላስፈለጋትም፤ በዚያች ቅጽበት የግድግዳው ሰዓቶች በአንድ ድምፅ ደወሉ፣ ድምፃቸው ሳያባራም ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሴትዮዋ መርፌያቸውን ጨብጠው ቀሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰደዱ፤ መሐላቸው ትዝ ሲላቸው ሰበሰቡት። ስልኩ ይጮኻል። እንደገና ሰደዱና አነሡት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ፀሐይ የት ናት?»

 ከወዲያ የልጁ ድምፅ መጣ። «አባዬ? ውኃው ውስጥ እየገባች ነው። ሩቧ ቀርቷል።»

«ሰዓትህስ ምን ይላል?»

«የትኛው? በግራ እጄ ያሰርኩት ያንተ ነው፤ እኩለ ቀን ይላል። አትንካው ብለኸኝ የለ፣ አልነካሁትም። የመርከቡን በቀኝ እጄ አስሬያለሁ። ሁለት ሰዓት የሚያስር ሰው አይተን አናውቅም እያሉ ይስቁብኛል።» ትንሽ አመነታ። «ያንተን እያየሁ እኮ ነው በቀትር የማልስታችሁ። ባለፈው ምን አጠፋሁ?»

 ሰከንድ ግድግዳውን አዩ፤ ድውሩን አዩ፤ ባለቤታቸውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዝናቡ አባርቶ የቀትር ፀሐይ መንገዱ ላይ ወጥታለች።

«አንተ ምንም አላጠፋህም። እናትህ ታናግርህ» አሉ። ስልኩን ከማቀበላቸው በፊት ግን መልሰው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። «ደህና እደር፣ ልጄ።»

በማግስቱ ሰከንድ በዕድሜያቸው ያላደረጉትን አደረጉ። ከግድግዳው አንድ ሰዓት መርጠው ከሌሎቹ በስድስት ሰዓት አስቀደሙት። ደንበኛ አይቶ «አባባ፣ ይቺኛዋ ተበላሽታለች» ሲላቸው «አልተበላሸችም፤ ባሕር ላይ ናት» ይላሉ። ከዚያም ድውሩን ያነሣሉ። የሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ የሩቅ አገር ዕቃ አቅራቢዎቹን በእንቅልፍ ሰዓታቸው መቀስቀሱን የተወው ከእሳቸው ተምሮ ነው። ጎረቤታቸውም ውጭ አገር ያለች እህቷ ስልክ አላነሣ ስትላት፣ ቂም ከመያዟ በፊት እዚያ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ትጠይቃለች። አስተማሪዋ ተማሪዎቿን ሰብስባ ሱቁ ድረስ አመጣቻቸው፤ ሰከንድ ጫማቸውን አስጠረጉና አስገቧቸው። የጥንት ባሕረኞች የአገራቸውን ሰዓት ሳይነኩ ይዘው ከፀሐይዋ ቀትር ጋር እያስተያዩ ኬንትሮሳቸውን ያውቁ እንደ ነበር አስተማሪዋ ስትናገር፣ ሽማግሌው ይህን ድሮም ያውቁት ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርታ የሩቅ አገር ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው ከቆመበት ቦታ ሆኖ ማየትን ያስተምራል። ያን ያወቀ ሰው በትንሽ ትልቁ አያኮርፍም።

መርከቡ ወደ ሰሜን ሲወጣ ሴትዮዋ ሹራቡን ጨርሰው በፖስታ ላኩ። የባሕሯን ሰዓት ግን ባላቸው አልነኳትም። ለምን ቢሏቸው «ሰሜንና ደቡብ ልብስ ነው የሚያስለውጠው፤ ሰዓት የሚያስለውጠው ምሥራቅና ምዕራብ ነው» አሉ።

ኋላ መርከቡ ፊቱን ወደ ቤት መለሰ። ሰከንድ መሰላላቸው ላይ እየወጡ ያቺን ሰዓት በየጊዜው አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሷት ጀመር፤ ሴትዮዋም መንገዱን ማየት ትተው እሷን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የግድግዳው ሰዓቶች ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ አንድ ላይ ደወሉ። በሩ ተከፈተ። ልጁ ገብቶ እናቱን ሳመ፤ በቀኝ እጁ ያሰረውን የመርከቡን ሰዓት ፈታና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሰከንድ ማጉያቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ግን እንደ ልማዳቸው ነበር።

«ጫማህን ጥረግ» አሉት።