ሁለቱ ቅናቶች

ካን! ካን! ካን!

በቀበሌው ግቢ የተንጠለጠለው የሐዲድ ቁራጭ ሲደበደብ ዲሪር ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር ወረወረው። የመሠረተ ትምህርት ጥሪ ነው። ይህ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሚስቱ ሑዳ ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ጫማዋን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባታል። እሷ ደብተሯን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጣለች፤ እሱ ያሸነፈ መስሎት ጫቱን ያመነዥካል።

አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው መምህር አብዲቃድር ወደ ክፍሉ ሲያልፍ ከሱቁ ደጅ ቆም አለ።

«አዴር፣ ሰላም ዋሉ?» አለው እንደ አጎት አክብሮ። «ሑዳ ዛሬ ትቀራለች እንዴ?»

«ስሟንም ለመድክ፣ ጓድ አስተማሪ?»

«ስም ስጠራ ነዋ።»

«ኣቦ ተወኝ! እኔ በሱማልኛም ቀናተኛ ነኝ፣ በአማርኛም ቀናተኛ ነኝ። ገይራ የሌለው፣ ለሚስቱ የማይቀና ወንድ፣ ወንድ አይደለም!»

አብዲቃድር አልተቆጣም። የተማረ ሰው ወጉ ነውና ነገሩን ከሥሩ ጀመረ።

«ቅናት እኮ ከግእዙ ‹ቀንአ› የመጣ ባለሁለት ፊት ቃል ነው። በሰው መልካም ነገር መብገን ቅናት ነው፤ ለሃይማኖት፣ ለአገር፣ ለቤት መትጋትም ቅናት ነው። የዓረቡ ገይራም መጠርጠር ይሆናል፣ ክብር መጠበቅም ይሆናል። የርስዎ የትኛው ነው?»

«ክብር መጠበቅ ነዋ!»

«እንግዲያ ባለፈው ታማ ከሐኪም ያመጣችውን ወረቀት ማን አነበበላት?»

ዲሪር ማመንዠኩን አቆመ። ማንበብ እሱም አይችልም።

«የመድኃኒት ቤቱ ጎረምሳ።»

«እኔ የማስተምራት በሴቶች መካከል ነው። እሱ ግን የሆዷን ሕመም ለብቻው አነበበ። ፊደል ብትቆጥር ኖሮ ምስጢሯን ከእናንተ ከሁለታችሁ ሌላ ማን ያውቀው ነበር?»

ነገሩ ዲሪርን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። የጎረምሳው ፈገግታ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ስንት ቀን የቀናበት ደብተር ለካስ የቤቱ አጥር ኖሯል።

«የምታነብ ሴት የመድኃኒቱን ልክ አትስትም» ሲል ቀጠለ አብዲቃድር። «ልጆችዎን ታስጠናለች፤ ደብዳቤ ሲመጣም ጎረቤት አይሰማም። እርስዎም ይምጡ፤ የወንዶች ክፍል አለ።»

«ብትበልጠኝስ?»

«ያን ጊዜ ይቅኑባት፤ ያኛው ቅናት ያተጋል።»

ዲሪር ሳይወድ ሳቀ። መሳቢያውን ከፍቶ ጫማዋን በመጋረጃው ሥር አሾለከላት።

«ሑዳ፣ ሂጂ። ነገ እኔም እመዘገባለሁ።»

ሑዳ ወጣች። ሁለቱንም ቀና ብላ ሳታይ ሻሿን አጠበቀችና፣ የሁለቱ ወንዶች ስምምነት እንደማይገዛት ሁሉ፣ ወደ ቀበሌው መሄዷ ቀርቶ ወደ ቀፊራ ገበያ በሚወስደው መንገድ ታጠፈች።

ዲሪር «ወዴት?» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የሚጠይቀው የትኛው ቅናቱ እንደሆነ ስላልለየ ዘጋው።