ብረት ያልነካው ወይን

ቄሰ ገበዝ አግማስ ከደሴ ሰኞ ገበያ የገዙትን ዘቢብ በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። የሰረቀ ሰው እንኳ እንዲያ አይሸሽግም። ጊዜው ሚሊኒየሙ ካለፈ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ሲገባ ነው። አባታቸው በደብሩ ግቢ የተከሉት ወይን አርባ ዓመት ሙሉ የቁርባኑን ዘቢብ ሲሰጥ ኖሮ፣ የበልጉ ዝናብ ደጋግሞ ሲቀር እሱም ማፍራቱን ተወ። አሁን ደግሞ ከጫፉ መድረቅ ጀምሯል። ቄሰ ገበዙ «አባቱ የተከለውን ልጁ አደረቀው» እንዳይባሉ እንቅልፍ አጥተዋል።

የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ መኪናው ተጠማዘዘና ዘቢቡ አምልጦ አጠገባቸው በተቀመጠችው ወጣት ጉልበት ላይ አረፈ። ፋሲካ ትባላለች፤ የግብርና ባለሙያ ናት። ቄሰ ገበዙ ከማፈር ማውራት ቀለላቸው፦

«የእኛ ወይን በደህናው ጊዜ፣ ልጄ፣ ከአንዱ ዘለላ ሥር ሁለት ዲያቆናት ዝናብ ይጠለሉ ነበር። ንቦቹ ጠግበው መብረር ሲያቅታቸው በእግራቸው ወደ ቀፎ ይመለሱ ነበር።»

«ሦስተኛ ዲያቆን አልነበራችሁም፣ አባ?» አለች ሳትስቅ።

ወይኑን ልይልዎ ብላ አብራቸው ወረደች። ሐረጉ የተደገፈበትን ወይራ ሙሉ በሙሉ አልብሶ ቅጠል ብቻ ሆኗል። ቄሰ ገበዙ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ እንደሚያጠጡት በኩራት ነገሯት፤ እሷም ያን ውሃ ፀሐይ እንደሚጠጣው በትሕትና አስረዳቻቸው።

«ይህ ሁሉ ሐረግ በአንድ ሥር ነው የሚጠጣ፣ አባ። ያለው ውሃ ለቅጠሉም አልበቃ። መቆረጥ አለበት።»

«የታቦት ነው፣ ልጄ። ከተተከለ ጀምሮ ብረት አልነካውም።»

«የመገበሪያውን ስንዴ በምን ያጭዱታል?»

«በማጭድ ነዋ።»

«ስንዴውም የቁርባን ነው። ብረት ስለነካው ክብሩ ቀነሰ?»

ያን ስንዴ ሠላሳ ዓመት ያጨዱት ቄሰ ገበዙ በገዛ እጃቸው ነው።

«አባቴ ግን እንዲህ አላደረጉም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አባትዎ በልግ ነበራቸው። ሰማዩ ተለውጦ እጃችን ካልተለወጠ የሚሞተው ወይኑ ነው።»

ይህ ቃል ከማጭዱም በለጠ። ቄሰ ገበዙ አባታችን ሆይ ደግመው፣ ቢላዋውን ራሳቸው ያዙ። በየቅርንጫፉ ቡቃያ የሚያወጡ ሁለት ሁለት ዓይኖች አስቀርተው ሌላውን ቆረጡት። ከግንዱ አጠገብ አዲስ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ ቀብረው ውሃ ሞሉትና ከደኑት፤ የገንቦው ገላ እያላበ ሥሩን ቀስ እያለ ያጠጣል። መሬቱን ጭድ አለበሱት። በግቢው ያለፈ ሁሉ፣ ቄሰ ገበዙ ለወይን ፍትሐት ያደርጋሉ ብሎ አማ።

በየካቲት ወይኑ አፈራ። የኩታበር ደብር መሪጌታ እንድርያስ ወሬውን ሰምተው መጡ፤ ብረት መንካቱ ከንክኗቸዋል። ቄሰ ገበዙ እንደ ተማሪ ቤት መምህር ቆመው አስረዷቸው፦ ክረምቱ እንዳበቃ የተቆረጠ ወይን በልግን አይጠብቅም፤ ክረምት በመሬት ያኖረውን እርጥበት ይዞ ያቆጠቁጣል፤ በየሳምንቱ አንድ ገንቦ ውሃ ይበቃዋል፤ ፍሬውም በደረቁ ወራት ስለሚደርስ ሳይሻግት ዘቢብ ይሆናል።

«የቆረጡትንስ ሐረግ ምን አደረጉት?» አሉ መሪጌታ።

ቄሰ ገበዙ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዷቸው። ስድስት ቁርጥራጭ በስድስት ጣሳ አፈር ቅጠል አውጥተው ቆመዋል።

«አንዱን ለኩታበር ይውሰዱ። አባቴ አንድ ወይን ተከሉ፤ እኔ ቆርጬ ሰባት አደረግሁት።»